የተላጨው የካንዴላ ገመድ

ለአባቴ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? ብርዱ ሲብስ የግራ እግርዎ አላራምድ እንደሚልዎት ስለማውቅ፣ እዚህ የሐምሌ ፀሐይ ስንሞቅ እርስዎን ነበር የማስበው። የእማዬ ደም ግፊት እንዴት ሆነ? መድኃኒቷን ስትውጥ ቆመው ይዩልኝ፤ ዋጥኩ ብላ ትራስ ሥር እንደምትከት ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ከስታለች ብሎ ወንድምዎ ጋሼ ደረጄ የነገረዎትን አይመኑት። ሌላም ያልሆነ ነገር ነግሮዎታልና ዛሬ የምጽፍልዎት ስለዚያ ነው።

በስልክ ልነግርዎት እችል ነበር። ግን ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፣ የመጣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፣ እማዬ ታለቅሳለች፣ እኔም ሳልጨርስ እዘጋለሁ። ባለፈው ሳምንትም እንዲያው ሆነ። ልጄ፣ ይቅርታ በይና ነገሩ ይለቅ አሉኝ። ዝም ስል እሺ ያልኩ መስሎዎት መረቁኝ። እሺ አላልኩም፣ አባቴ። ምርቃቱን ብቻ ነው የወሰድኩት። ስለዚህ ይህን ወደ አገር ቤት ለእረፍት በምትመጣው ጓደኛዬ በሚካል እጅ ልኬዋለሁ። መነጽርዎን አድርገው ብቻዎን ያንብቡት።

ጋሼ ደረጄ ለእርስዎ የነገረዎትን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰውም እንደዚያው ነግሯል፤ በቃሌ እወጣዋለሁ። ልጅቷ የልጄን የሌዊን አውሮፕላን ሞተር ነካካች፣ የነካካችው ገመድ ተበላሸ፣ አውሮፕላኑ ወደቀና እትዬ አልታየሽን ሰበረ። እሷ ደግሞ ጥፋቷን ማመን አቃታት፣ ትምህርቷ አኮራት። ይኸው ነው። እንግዲህ የሆነውን ልንገርዎት።

ለማስተርስ እንደመጣሁ ለንደን ኬንቲሽ ታውን እነጋሼ ደረጄ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት፣ ሌዊ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደሚሄድ ጠይቄው ይዞኝ ሄደ። ከለንደን በስተደቡብ ወጣ ብሎ አንድ የገበሬ ሜዳ አለ፤ የትንንሽ አውሮፕላን ክለብ ነው። መጫወቻ ናቸው ሲሉዎት የወረቀት እንዳይመስሉዎት። የሌዊ አውሮፕላን ክንፉ ከእርስዎ ቁመት ይረዝማል፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ሲነሳ እንደ ሞተር ብስክሌት ያጓራል። መሬት ላይ ቆመው በሪሞት ነው የሚያበሩት። ሌዊ ማብረሩን ወደደ። እኔ ሞተሩን ወደድኩ።

ካንዴላ ምን እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም፤ ዕድሜዎን ጋራዥ ውስጥ ኖረዋል። የመኪናውን ካንዴላ ያስቡና በአውራ ጣትዎ ልክ ያሳንሱት። ወደ እሱ የሚሄደው ገመድ ከፋብሪካ ሲመጣ ረጅም ነው፣ ጫፉ ላይ ያለውም ቆብ ግዙፍ ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ባለው ሽፋን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሰው ገመዱን ያሳጥራል፣ ቆቡን አውጥቶ ጎበጥ ያለ ትንሽ ቆብ ያስገባለታል። እዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል። ችግሩ ካንዴላው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥልበት ብልጭታ ነው። እያንዳንዱ ብልጭታ እንደ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ገመዱ ራቁቱን ከሆነ ይጮኻል። እኛ አንሰማውም። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ተቀባይ ግን ይሰማዋል፣ ከሪሞቱ የሚመጣለት ትእዛዝም ይምታታበታል። የዛሬ ሪሞቶች አይረበሹም የሚሉ አሉ፤ ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነው። ተቀባዩ ከገመዱ ስንዝር በማይሞላ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ግን ይረበሻል፤ የሌዊ እንዲያ ነበር የተቀመጠው።

መከላከያው አንድ ነው። ገመዱን ከላይ እስከ ታች በቀጭን ሽቦ የተጠለፈ ነገር ማልበስ፤ ሹራብ ይበሉት። ያ ሹራብ በሁለቱም ጫፍ የሞተሩን ብረት መንካት አለበት። በአንዱ ጫፍ ከላላ ጥቅም የለውም። እኔ የምሠራው ይህን ነው። ሹራቡን እስከ ቆቡ አንገት አወርደውና በቀለበት አጠብቀዋለሁ። በመጀመሪያ ለሌዊ ሠራሁ። ከክለቡ አንዱ አየውና ለኔም አለ፤ ከዚያ ሌላው። አሁን ከስኮትላንድ ሳይቀር በፖስታ ይልኩልኛል። ሞተር የሚሸጥ ነጋዴም ከሚሸጠው ሞተር ሁሉ ጋር የኔን ገመድ በስሜ ሊያወጣ ተነጋግረን ነበር። ቀን ቀን የሕንፃ መብራት መሥመር በሚነድፍ ቢሮ ነው የምውለው። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ ግን በልቤ የምመልሰው ገመዶቹን ነው። ጋሼ ደረጄ ይህን ሲሰማ፣ እኛ ዶክተር ትሆናለች ብለን ስንጠብቅ የቤንዚን ሽታ አገባች እያለ ሰው ፊት ይስቅብኝ ነበር። አብሬ እስቅ ነበር። ያኔ ቀልድ ነበር።

በክለቡ አንድ ደንብ አለ። የቀኑን የመጀመሪያ በረራ ሳያበሩ በፊት የሪሞቱን ጉልበት ዝቅ ያደርጉና አንድ ሰው አውሮፕላኑን ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ሪሞቱን ይዞ እየራቀ ይሄዳል፣ ክንፉ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች እየታዘዙ መሆናቸውን ያያሉ። ይህን ሁለት ጊዜ ነው የሚያደርጉት። አንዴ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንዴ ሞተሩ እየሠራ። የመጀመሪያው ሪሞቱን ይፈትናል። ሁለተኛው ገመዱን ይፈትናል። ሞተሩ ጠፍቶ እሺ ብሎ ሞተሩ ሲነሳ እምቢ ካለ፣ ብልጭታው እየረበሸ ነው ማለት ነው፣ አይበርም። ይህን ደንብ መጀመሪያ ያስተማረኝ ሌዊ ራሱ ነው።

በሐምሌ የቤተ ክርስቲያናቸው የቤተሰብ ቀን ነበር። ጋሼ ደረጄ ሜዳውን ከክለቡ አስፈቅዶ ሰዉን በሁለት አውቶቡስ አመጣው። ድንኳን ተተከለ፣ ምግብ ተዘረጋ፣ ማይክራፎን ቆመ። የቀኑ ዋና ነገር ሌዊ ነበር። አባቴ፣ ይህን ያልነገረዎት አይመስለኝም፦ ሌዊ የእውነተኛ አውሮፕላን አብራሪ ለመሆን ወደሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አፕላይ አድርጎ ሁለቱን ፈተና አልፏል፤ የቀረው በጥቅምት ኢንተርቪው ነው። ጋሼ ደረጄ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በመኪናው ሰው እያመላለሰ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነውና፣ ልጄ በላይ በኩል ይገባል ሲል ዓይኑ እንባ ያቀራል። ይህን አልነቅፍበትም።

ሌዊ ለዚያ ቀን ብሎ ለአውሮፕላኑ አዲስ የአፍንጫ ሽፋን ገዝቶ ቀብቶት ነበር። ዋዜማውን ብቻውን ገጠመው። ጠዋት ሳገኘው ያምር ነበር፤ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል። ሞተሩ እየሠራ ቼክ አድርገሃል ወይ አልኩት። አሁን ላደርግ ነው አለኝና አውሮፕላኑን አስያዘኝ። ሞተሩ ጠፍቶ ያለውን አደረግን፤ እሺ አለ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። ገና አሥር እርምጃ ሳይርቅ ጋሼ ደረጄ ሁለት እጁን እያወናጨፈ ሲሮጥ መጣ። አጥፉት፣ ፓስተሩ ጸሎት ጀምረዋል፣ በጸሎት ላይ ሞተር ይጮኻል እንዴ፣ ሰው ምን ይለናል አለ። ሌዊ አጠፋው። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

ጸሎቱ ረጅም ነበር። ለአገር ተጸለየ፣ ለታመሙ ተጸለየ፣ የመኖሪያ ወረቀታቸው ሆም ኦፊስ ለተቀመጠባቸው በየስማቸው ተጸለየ። በመጨረሻ ፓስተሩ ወደ አውሮፕላኑ መጥተው እጃቸውን ክንፉ ላይ ጭነው ጸለዩ። አሜን ሲባል ማይክራፎኑ ጋሼ ደረጄ እጅ ገብቶ አገኘነው። አሁን ካፒቴን ሌዊን ታያላችሁ እያለ ነው፣ ሰዉ ያጨበጭባል። ሌዊን እጁን ያዝኩትና ቼኩን እንጨርስ አልኩት። አድርገናል እኮ አለኝ። ግማሹን ነው ያደረግነው አልኩት። ፈገግ ብሎ፣ ሪላክስ፣ ተጸልዮበታል አለኝ። አጠገቡ የቆሙት ሳቁ። ጋሼ ደረጄ በማይክራፎኑ ደገመው፤ እህቱ ፈርታለች፣ ተጸልዮበታል በሏት አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ ያን ቀን ኩሩ የተባልኩት ለዚህ ነው።

ተነሳ። አንድ ዞረ፣ ሁለት ዞረ፣ ልጆቹ ጮኹ። ሦስተኛውን ሲዞር ከድንኳኖቹ ትይዩ መጥቶ አልታጠፍ አለ። የሌዊን አውራ ጣቶች አየኋቸው፤ ሪሞቱን እስኪሰነጠቅ እየገፋው ነው። አውሮፕላኑ አልሰማውም። በቀጥታ እየወረደ ልጆቹ ኳስ ከሚጫወቱበት በላይ አለፈና፣ ሻሿን ልታመጣ ወደ አውቶቡሱ የምትሄድ አንዲት ሴት ትከሻ ላይ ክንፉ አረፈ። እትዬ አልታየሽ ናቸው። የአንገታቸው ሥር አጥንት ተሰበረ። ሁለት ክንድ ያህል ወደ ግራ ቢሆን ስለ አጥንት አንነጋገርም ነበር።

አምቡላንሱ ወስዷቸው ሰዉ ሲያለቅስና ሲጸልይ እኔ ወደ ስብርባሪው ሄድኩ። ለእርስዎ ብቻ የሚገባዎት ነገር ነው፦ ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ ሰውየውን ያያሉ፣ ቀጥሎ ዕቃውን። ሽፋኑ ተሰባብሮ ሞተሩ ወጥቶ ነበር። ገመዱን አየሁት። ሹራብ የለውም። በሹራቡ ፋንታ ጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ ለብሷል። ቆቡን ይዤ አንገቱን ሳየው ከቀለበቱ ሥር የተቆረጡ የሽቦ ጫፎች እንደ ሁለት ቀን ጢም ቆመዋል። ሌዊ ልቅም አድርጎ ላጭቶታል። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በአዲሱ ሽፋን የአየር ቀዳዳ በኩል ሹራቡ ይታያል፤ እንደ አሮጌ ሽቦ ያስጠላል። ለፎቶ እንዳያስጠላ ብሎ አወለቀውና ጥቁር አለበሰው። ሞተሩ እየሠራ ቼክ ቢደረግ ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ አልታዘዝም ብሎ ያጋልጥ ነበር።

ገመዱን ይዤ ሌዊ ዘንድ ሄድኩ። ሰው ከቦታል። ምንድን ነው ይሄ ብዬ አሳየሁት። አባቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ ሁሉም እየሰማ፣ እንዲህ አድርገሽ ነው የሰጠሽኝ አለ።

በቃ። ከዚያች ዓረፍተ ነገር በኋላ የሆነው ሁሉ ከእሷ የተወለደ ነው።

ማምሻውን በቤተ ክርስቲያኑ የቴሌግራም ቡድን የሴት ልጅ ካንዴላ ተብዬ ነበር። በሳምንቱ የክለቡ የደህንነት ኃላፊ፣ ኮሊን የሚባል ሽማግሌ እንግሊዛዊ፣ የኔ ገመድ ያለበት አውሮፕላን ሁሉ እስኪመረመር መሬት ላይ ይቆይ ብሎ ለአባላቱ አስታወቀ። አልቀየምኩትም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ነጋዴው ነገሩ እስኪጣራ እንቆይ አለኝ። ሰዎች ገመዴን በፖስታ መመለስ ጀመሩ። አንዳንዱ አዝናለሁ የሚል ቃል ጨምሮበት ነው፣ አንዳንዱ ምንም ሳይል። ሥራዬ ተጠቅልሎ በሬ ላይ ሲመለስ ማየት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አላስረዳም።

ከስብርባሪው ያነሳሁት ሞተር እኔ ዘንድ ነበር። ኮሊን አምጪው አለኝ። ጋሼ ደረጄ ደግሞ፣ በአባትሽ ይዤሻለሁ፣ እስክንነጋገር እንዳትሰጪ አለኝ። በእርስዎ ስለያዘኝ ጠበቅሁ።

ከዚያ ሌዊ አሁን ወደምኖርበት ሰፈር፣ ብሪክስተን መጣ። ገበያው መግቢያ ላይ ቆመን ተነጋገርን፤ ቤቴ ልግባ አላለም፣ እኔም ግባ አላልኩትም። ለአባቱ ያልተናገረውን ለኔ ተናገረ። ቆርጬዋለሁ አለ። ሹራቡ ምን እንደሚሠራ እያወቅሁ ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ብዬ ነው አለ። ኢንተርቪው ላይ ሰው የጎዳ አደጋ በእጅህ ደርሶ ያውቃል ወይ ብለው ይጠይቁኛል፣ የዕቃ ብልሽት ነበር ካልኩ ያልፋል፣ ቼክ ዘልዬ ነው ካልኩ አበቃ አለ። ፕሊዝ፣ ላንቺ ሆቢ ነው፣ ለኔ ላይፍ ነው አለ። ሆቢ የምትለው ላይ ስሜ አለበት አልኩት። አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ትችይዋለሽ አለኝ። አባቴ፣ ይህችን ቃል ከስድብ ሁሉ አብልጬ ጠላኋት። ጠንካራ ስለሆንኩ ሊጭንብኝ ነው። እወደዋለሁ፤ መጀመሪያ እዚህ ስመጣ ባቡር እንዴት እንደሚቀየር እጄን ይዞ ያሳየኝ ልጅ ነው። ግን ቼክ ዘሎ ሰው የሰበረና ሌላ ሰው ላይ የለጠፈ ልጅ መንገደኛ ጭኖ ሲበር እኔ ትኬት አልቆርጥም። እንዲሁ ብዬ ነገርኩት።

ቀጥሎ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ነበሩ፣ ወይን ፍሬ ይዘው። በአንዲቷ ክፍሌ ሁለቱ አልጋ ላይ አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ቆምኩ። ዋናው ተናጋሪ አቶ እንግዳወርቅ ነበሩ፤ ይቅርታ ያስከብራል እንጂ አያሳንስም፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወጣ ብለሽ ሁለት ቃል ትናገሪያለሽ፣ ጉባኤው ያጨበጭባል፣ ነገሩ እዚያው ይቀበራል አሉኝ። ሌዊስ ምን ይናገራል አልኳቸው። ሌዊ ልጅ ነው አሉ። በሌዊና በእኔ መካከል ሁለት ዓመት ነው ያለው አልኳቸው። ወንድ ቶሎ አይበስልም አሉና ሌሎቹ ሳቁ። ካልበሰለ ለምን አብራሪ ታደርጉታላችሁ አልኩ። ሳቁ ቆመ። አንደኛው ሲወጡ በሩ ላይ፣ አንቺን የሚያገባ ሰው እግዜር ይርዳው አሉኝ። አሜን አልኳቸው።

ቢሆንም እነሱ ከሄዱ በኋላ ፈራሁ። አልዋሽዎትም። ምናልባት እንደሚሉት ሁለት ቃል ናት አልኩ። እማዬን አሰብኩ። እርስዎን አሰብኩ። በማግሥቱ እትዬ አልታየሽን ልጠይቅ ሄድኩ፤ እሳቸው ይቅርታ የሚገባቸው ሰው ናቸውና፣ ይቅርታ ካልኩ ለእሳቸው ልበል ብዬ።

ክንዳቸው ታስሮ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸውን ሂትሮው የአውሮፕላን ምግብ ሲያዘጋጁ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፣ አፋቸው ስለት ነው። ገና ሳልቀመጥ፣ እስከ ዛሬ በአውሮፕላን ስንት ሰው አብልቼ የበላኝ ይኼ ትንሹ ነው አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ አንቺ ነሽ ወይ የሰበርሽኝ አሉ። አይደለሁም አልኩ። ከአፌ ሳላስበው ነው የወጣው። እንግዲያ ማነው አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ፣ ቤቴን የሞላው ሰው ሁሉ ይጸልይልኛል፣ አንድም ሰው ምን እንደመታኝ አልነገረኝም፣ አጥንቱ የኔ ነው፣ ሊነገረኝ አይገባም ወይ አሉ። ከቦርሳዬ አንድ የተመለሰ ገመድ አውጥቼ ቡና ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። ሹራቡን አሳየኋቸው፣ ያለ ሹራቡ ምን እንደሚሆን ነገርኳቸው፣ ስለ ቼኩ ነገርኳቸው፣ ስለ ጸሎቱም ነገርኳቸው። የሌዊን ስም ሳልጠራ ነው የጨረስኩት፤ መጥራትም አላስፈለገም። እሑድ ይቅርታ ጠይቂ ተብያለሁ አልኳቸው። እኔን ሳያማክሩ በኔ አጥንት ሲታረቁ ዋሉ በይኛ አሉ። ከዚያ፣ እሑድ እኔም እመጣለሁ፣ አጠገቤ ትቀመጫለሽ አሉኝ።

ይህን ጋሼ ደረጄ ወዲያው ሰማ። ደወለልኝ፤ መኪና ውስጥ ነበር፣ የመንገደኛ ተራ እየጠበቀ። መጀመሪያ ለስለስ ብሎ፣ ቤቴ አስቀምጬሻለሁ፣ አብልቼሻለሁ አለ። እውነት ነው አልኩት፣ አመሰግንሃለሁ አልኩት። ከዚያ ተቆጣ። የሰው ልጅ ዕድል በአንድ ገመድ ትቆርጪያለሽ አለ። የቆረጠው ሌዊ ነው አልኩት። ከዚያ ድምፁ ወረደ። አባትሽን እይው አለኝ። ወንድሜን እይው። በዚያ በጋራዡ ጉዳይ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቻለው። ቤተሰብ ማለት እንዲያ ነው፤ እሱ ባይችለው ኖሮ ዛሬ ይኼ ሁሉ የት ይገኝ ነበር አለ።

ምኑን ነው አባቴ የቻለው አልኩት።

የመኪናው የመታጠፊያ መብራት ሲመታ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ደግሜ ጠየቅሁት። መንገደኛ መጣብኝ አለና ዘጋው።

አባቴ፣ እኔ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። የማውቀው ቤት ውስጥ የተባለውን ነው። አንድ አውቶቡስ ፍሬኑ ሳይታይ ከጋራዥ ወጥቶ የሱቅ ግድግዳ መታ፣ ባለሱቁ እግሩን አጣ፣ የፈረቃው ኃላፊ እርስዎ ስለነበሩ ከሥራ ወጡ። ከዚያ በኋላ የሰው ግቢ ጠባቂ ሆነው ሲያድሩ አስታውሳለሁ። በመንገድ ላይ የጋራዡ ሰዎች ሲመጡ እርስዎ ወደ ማዶ ሲሻገሩ አስታውሳለሁ፤ እጅዎን ይዤ አብሬ እሻገር ነበርና። ጋሼ ደረጄም እዚያው ጋራዥ ይሠራ እንደነበር አውቃለሁ። የት ክፍል እንደነበር ግን ጠይቄ አላውቅም። ወደ ለንደን የሸኘነው በዚያው ዓመት እንደነበር ያሰብኩትም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ምንም አልጠይቅዎትም። ለእማዬም አልጻፍኩም።

በማግሥቱ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሞተሩን ለኮሊን አደረስኩ። ሻይ አፈላልኝ። ገመዱን መስኮት ዳር ወስዶ ቀለበቱን በፒንሳ ከፈተው። የተቆረጡትን የሽቦ ጫፎች በማጉያ መነጽር ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ የራሱን አውሮፕላን ከመደርደሪያ አወረደና የኔን ገመድ ከሱ ላይ ፈትቶ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ይህ በመውደቅ አይቆረጥም፣ በመቁረጫ ነው አለ። ገመዶችሽ ዛሬውኑ ወደ አየር ይመለሳሉ፣ ልጁን ግን ራሴ እጠይቀዋለሁ አለ። ወጥቼ ባቡር ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አሸነፍኩ ብዬ አልነበረም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔም ራሴን በትንሹ ተጠራጥሬ ኖሯል፤ ሰው ሁሉ አንቺ ነሽ ሲል እጅሽን ታያለሽ።

ሌዊ ማምሻውን አንድ መልእክት ላከልኝ። ኮሊን ጠርቶኛል ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ምን እንደሚመልስለት አላውቅም። እውነቱን ቢናገር ኢንተርቪው ላይ አብሬው ሄጄ ውጭ እጠብቀዋለሁ ብዬ መለስኩለት፤ ከልቤ ነው። ባይናገርም የራሱ ምርጫ ነው።

ነገ እሑድ ነው። ሰማያዊ ቀሚሴን ተኩሻለሁ። እትዬ አልታየሽ በታክሲ እወስድሻለሁ ብለዋል፤ ከፊት ወንበር ነው የምንቀመጠው፣ ምርጫው የእሳቸው ነው። ስሜ ሲጠራ እነሣለሁ። ለእትዬ አልታየሽ ማዘኔን እናገራለሁ፤ እሱ እውነት ነው። ከዚያ ስለ ገመዱ፣ ስለ ቼኩና ሞተሩ ለምን እንደጠፋ እንደዚህ ለእርስዎ እንደጻፍኩት በቀስታ እናገራለሁ። ማይክራፎኑን ቢነጥቁኝ ድምፄ ያለ ማይክራፎን ይደርሳል፤ እርስዎ ከጓሮ ሲጠሩን የሚያወጡት ድምፅ ነው ያለኝ። ከጨረስኩ በኋላ ቤተ ክርስቲያናቸው ደጅ ዳግመኛ ባልቆም እችላለሁ፣ ኬንቲሽ ታውንም የገናን ዶሮ አልበላ ይሆናል። ተዘጋጅቼበታለሁ።

ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ይህ ሲደርስዎ እሑዱ ያለፈ ይሆናል፣ ጋሼ ደረጄም ደውሎልዎት ወይ ሊደውል ይሆናል። ልጅህ አዋረደችኝ ይልዎታል፤ ያለቅስ ይሆናል፣ እንባውም የውሸት አይደለም። ስልኩን አይዝጉበት፣ ወንድምዎ ነው። ያዳምጡት። ጤናውን ይጠይቁት። ግን አባቴ፣ ልማድዎ ሆኖ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኋት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አይበሉት። ያን ቃል ለእሱ አንድ ጊዜ ብለውለታል። ይበቃዋል።

እማዬን አንገቷ ሥር ይሳሙልኝ። በሚካል እጅ የላክሁት የጉልበት ቅባት ማታ ማታ ነው የሚቀባው፣ እንዳያቃጥልዎ ጥቂት ጥቂት ያድርጉት። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ። የቀረውን ዕድሜዎን በሰፈሩ መንገድ መካከል ቀና ብለው የሚሄዱበት፣ ያገኘዎት ሁሉ ቆሞ ሰላም የሚልዎት ያድርግልኝ። ምርቃትዎ አይለየኝ፤ በዚህኛው ነገር ባይመርቁኝም የድሮው ይበቃኛል።

እጅዎን ይዛ መንገድ የተሻገረችው ልጅዎ